ከሌላ ቤት የመጡ ከዋክብት

«እንግዶቹን ዘለላዎች ከቤተኞቹ በምን ትለዪያቸዋለሽ?»

ሳራ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሰው ይጠይቀኛል ብላ የምትጠብቀው ጥያቄ አልነበረም። ጠያቂው አብዱልሐሊም የሚባሉ የሐራ ገበሬ ናቸው። ሽርጥ አገልድመው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከወንዶቹ ተርታ ተቀምጠዋል። ሲገቡ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያጥናሽ» ብለዋታል፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አድርገዋል፤ ከስንዴና ከባቄላው ንፍሮ ዘግነው ሲቅሙ ቆይተዋል። ከዚያ ነው፣ ስለ ዝናብ የሚጠይቁ በሚመስል ድምፅ፣ ይህን ያሉት።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«የከዋክብቱን ነዋ» አሉ። «አባትሽ ስሪንቃ ላይ ጎማ ስንቀይር ነግሮናል። ሰማይ ላይ እንደ ማሽላ ራስ ችምችም ብለው የተያያዙ ከዋክብት አሉ አለን። ገሚሶቹ እዚሁ እኛው ጋላክሲ ውስጥ የተወለዱ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከሌላ ቤት የመጡ። የኛው ጋላክሲ የነሱን ቤት ሲውጠው እነሱ ሳይፈጩ ቀሩ። ይህን ሁሉ የምታጠናው ልጄ ናት አለን። እንግዳውን በምን እንደምትለዪው ሊነግረን ሲል ጎማው ገጠመና ተነሣን። እኔም ሳስበው ይኸው ከረምኩ።»

ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው እኔም ሰምቻለሁ አለ። ሌላው ደግሞ መርሳ መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቁ እንደሰማ፣ ለእሱ ግን አባቷ የነገረው ስለ አዋዋጡ ብቻ እንደነበር ተናገረ። ጅብ አህያ እንደሚበላው ነው ብሎኛል አለ።

«እኔ እንኳ ጅብ አላልኩትም» አለች ሳራ። መርዶ ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ አፏ ላይ ሲመጣ ተሰማትና በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

አባቷ ግርማ ከሃያ ዓመት በላይ በወልድያና በመርሳ መካከል ቅጥቅጥ አይሱዙ የነዳ ሰው ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ግራና ድረስ ይገባል። መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ያወራል፤ ተሳፋሪው የወሬውን መጨረሻ ሳይሰማ መውረድ ስለማይሆንለት ከሰፈሩ አልፎ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል ይባል ነበር። ከሚያወራው የትኛው እውነት የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ማንም አይለየውም። ጾም በመጣ ቁጥር «እኔ ሁለት እናት አለኝ፣ አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም፤ የአንዷን ጾሜ አንዷን እንዳላስቀይም ብዬ ሁለቱንም ትቼዋለሁ» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እሱም ሥጋውን ይበላል። የሚስቱ ወንድም ጋሼ ብርሃኑ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ «ውሸታሙ» ነው የሚለው። ግርማም «አቤት» ይል ነበር።

የሞተው ኅዳር ላይ ነው። ያኔ በጦርነቱ ወልድያም መርሳም ግራናም በታጣቂዎቹ እጅ ነበሩ፤ መንገድ የለ፣ ስልክ የለ፣ መብራት የለ። ሳራ አዲስ አበባ ሆና የማስተርስ ጥናቷን እየሠራች፣ ዛሬ ይደውላል ነገ ይደውላል እያለች ስትጠብቅ፣ እሱ ለካ ግራና፣ እሷ በማታውቃቸው ሰዎች ቤት፣ የስኳር መድኃኒቱ አልቆበት ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። መርዶው የደረሳት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ ገና አልፎ ነበር። ድንኳኑም ወልድያ፣ አባቷ ግቢ ውስጥ የተተከለው ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው።

ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ብቻውን መሞቱ ነው። ያ ሰው የማይጠግብ ሰው፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚያወራው ዘመድ አጥቶ በሰው ቤት ጥግ ተኝቶ ይታያታል። ጋሼ ብርሃኑ ይህን ያውቃል። ወልድያ ያለው የመለዋወጫ ሱቁ ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ ተዘርፎ መደርደሪያው ባዶውን ቀርቷል፤ እሱ ግን ለለቅሶው የጎደለ እንዳይኖር ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የሰነበተው። የዚያን ዕለት ረፋዱ ላይ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ፣ ለቅሶው ሲበተን የግርማን ሬሳ ከግራና አውጥቶ ወልድያ፣ ከእናቷ መቃብር ጎን እንደሚያሳርፈው ነገራት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ የቀረው የእሷ ፈቃድ ነው። ሳራ ራሷን ነቀነቀች። እዚያ ብቻውን አይቀርም።

አብዱልሐሊም ግን መልሳቸውን ሳያገኙ የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ሳራ ለመምህሮቿ በምታቀርብበት ቋንቋ ልትጀምር ብላ ተወችውና እንደመጣላት ነገረቻቸው። ዘለላ ማለት መቶ ሺህም ሚሊዮንም ከዋክብት አንድ ላይ ተወልደው፣ በስበት ተቃቅፈው የሚኖሩበት ነው። ጋላክሲያችን የዛሬ ስፋቷን ያገኘችው ትንንሽ ጋላክሲዎችን ወደ ራሷ እየሳበች፣ ከራሷ ጋር እየቀላቀለች ነው። የትንንሾቹ ከዋክብት ይበተናሉ፤ ጥብቅ ብለው የተያያዙት ዘለላዎች ግን አይበተኑም። ታዲያ የአንድ ዘለላ ዕድሜና የተሠራበት ነገር ከቤተኞቹ ካልገጠመ፣ አካሄዱም ከተለየ፣ ቤተኞቹ እንደ ምጣድ በተዘረጋው የጋላክሲው አካል ላይ ሲዞሩ እሱ ሽቅብ ቁልቁል ካለ ወይም ወደ ኋላ ከዞረ፣ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ስታሰባስባቸው የትኛዋ ጋላክሲ መቼ እንደተቀላቀለች ይነግሯታል።

አብዱልሐሊም አሰቡበት። «ከገበያ ገዝቼ ከመንጋዬ የቀላቀልኳት በግ አለችኝ» አሉ ቆይተው። «ይኸው ስንት ጊዜዋ። አሁንም ወደ ውሃ ስንወርድ እሷ በራሷ በኩል ነው የምትወርደው።»

«እንደሷው ናቸው» አለች ሳራ።

ሽማግሌው መልሱ ስለጣማቸው በተራቸው አንድ ነገር ሊሰጧት ፈለጉ። አንድ ጊዜ የታመመ ጥጃ መርሳ ወዳለው የከብት ሐኪም ሊወስዱ መንገድ ዳር ቆመው፣ መኪናው ሁሉ ሲያልፋቸው ግርማ አቆመላቸው። ጥጃውን ጋቢ አልብሶ፣ ራሱን በነጠላ ሸፋፍኖ የኋላ ወንበር ላይ በእሳቸው ተደግፎ እንዲቀመጥ አደረገው። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ እኒህ ማን ናቸው ሲለው፣ አማቴ ናቸው፣ በጣም አሟቸዋል አለ። ፖሊሱም እግዜር ይማራቸው ብሎ አሳለፋቸው።

ሳራ ይህን ወሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አንድም ቀን አምናው አታውቅም። ድንኳኑ በሳቅ ሲናጥ ያልሳቀው ጋሼ ብርሃኑ ብቻ ነበር።

«አማቴ ማለት እኮ እናቴ ናት» አለ።

አባቷ ስለ ዘለላዎች ያወቀውን ሁሉ ያወቀው ከአንዲት የስልክ ወሬ ነው። ሰኔ ላይ ነበር። ሲደውልላት ሁልጊዜ «ዛሬስ ስንት ኮከብ ዳርሽ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያን ዕለት ግን መርሳ መናኸሪያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ የምትሠራውን ነገር በወጉ እንድታስረዳው ጠየቃት። አስረዳችው። በየመሐሉ እየቀለደ አዳመጣት። መጨረሻው ላይ ቀልዱን ተወ።

«ትንሿ ጋላክሲ እንግዲህ ጠፋች ማለት ነው?»

«ተቀላቀለች አባዬ። ብትፈልጋት አታገኛትም። ዘለላዎቿ ግን አሉ። ከማን ቤት እንደመጡ እነሱን አይተን እናውቃለን።»

«ከስንት ዘመን በኋላ?»

«ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በኋላም ቢሆን።»

ዝም አለ። ግርማ ስልክ ላይ ዝም ሲል ሰምታ ስለማታውቅ የተቋረጠ መስሏት «አባዬ?» አለች።

«አለሁ። እንግዲያው የኔማ ምን አላት» አለና ሳቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ ልትጠይቀው ስትል፣ መኪናው ሞላ ብሎ ዘጋው። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ተጠጋ፤ በነሐሴ ስልኩ ጠፋ። ያችን «የኔማ» ያላትን ነገር ሳትጠይቀው ቀረች።

በማግስቱ አለሚቱ መጣች። መርሳ ላይ ልብስ የምትሸጥ፣ ድምፀ መልካም ሴት ናት። ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣

«መርሳ ላይ ተሳፍሮ ወልድያ ሳይወርድ፣
ምን ያለው ሹፌር ነው ሳይነግር የሚሄድ»

ብላ ስታወርደው ሴቶቹ አለቀሱ። ከወንዶቹ በኩል ግን የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ግርማ ሳያወራ የሄደበት ቀን ኖሮ አያውቅማ።

አለሚቱ ዐይኗን ጠርጋ፣ ሳራ አጠገብ ተቀምጣ፣ የሠርጓን ቀን አነሣችላት። ሙሽሪት ሆና በግርማ መኪና ወደ ሙሽራው ቤት ስትሄድ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለ። ሙሽራው ወንዙን ተሻግሮ ቀድሞ ደርሷል፤ እሷ ማዶ ቀርታለች። ሚዜዎቹ ሲጨነቁ ግርማ ሞተሩን አጠፋና፣ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ስንት ጊዜ ነው የሚገኘው ብሎ ከበሮውን መኪናው ጣሪያ ላይ አወጣው። ውሃው እስኪጎድል እዚያው ተዘፈነ፣ እዚያው ተበላ። ሙሽራው ከማዶ ዳር ቆሞ በገዛ ሠርጉ ላይ እጁን ሲያጨበጭብ ዋለ። ሳራ ይህንንም ታውቀዋለች። ይህንንም ተረት ነው ብላው ነበር።

ቀጥሎ ያነሣችው ግን ሳራ ያልሰማችው ነበር። ነሐሴ ላይ ወልድያ ስትሸሽ ግርማ ሰው ወደ መርሳ ሲያመላልስ ነበር። አለሚቱ እህቷን ልትጠይቅ ወልድያ መጥታ ስለነበር ከነልጆቿ በመጨረሻው ጉዞ ተሳፈረች። ከበስተኋላ ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። ግርማ መሪውን እንደያዘ ጮክ ብሎ፣ ከሌላ ሰማይ ስለመጡ ከዋክብት ልነግራችሁ ነበር፣ ለቅሶ ካለ ግን አይሆንም አለ። ዝም አሉ። ቤታቸው ሲፈርስ እነዚያ ከዋክብት ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? እጅ ለእጅ ተያያዙ። ስለዚህ ማንም አልበተናቸውም፣ ዛሬም አሉ አላቸው። ልጆቹ ከወንበር ወንበር እጅ ለእጅ እንደተያያዙ መርሳ ገቡ።

«እውነት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ?» አለቻት አለሚቱ።

ሳራ ስበት የሚባለውን ነገር ልታስረዳት አፏን ከፈተችና፣ «አዎ፣ ይያያዛሉ» አለች።

የግራና ሰዎች የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። በጭነት መኪና ተጭነው፣ ከቅሬያቸው ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ቅሬ በወሎ ቀባሪው፣ ሐዘን ደራሹ ማኅበር ነው። ከፊት የሚመራቸው ኑርሁሴን የሚባል፣ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማ ገበሬ ነው። ግርማ የሞተው በእሱ ቤት ነው፤ መንገዱ ሲከፈት በእግሩ መጥቶ ለጋሼ ብርሃኑ የነገረውም እሱ ነው። በክንዱ አሮጊት እናቱን ለይላን ደግፏል። ዐይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መንገዱን የሚያውቁት በእግራቸው ነው።

ለይላ ከእንግዶቹ ሴቶች ጋር አልተቀመጡም። መሐል ላይ፣ ከሳራ ቀጥሎ፣ የሟች እናት በሕይወት ብትኖር የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። ልጃቸውን ወደዚያ ምራኝ አሉትና ተቀመጡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ልጄን» አሉ። አልጮኹም። አንዴ ብቻ አሉት። ድንኳኑ ግን በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እናት ልጇን ስትጠራ ማንም ይለየዋልና።

ጋሼ ብርሃኑ ፊቱ ጠቆረ። ኑርሁሴንን ወደ ዳር ጠርቶ፣ አክብራችሁ መምጣታችሁ ደስ ብሎናል፣ ነገር ግን እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ይህ ነገር ምንድነው አለው።

«አንዷ እናቱ ናቸው የሞቱት» አለ ኑርሁሴን። «ለናንተ አልነገራችሁም?»

ሳራ የጾሙ ቀልድ ትዝ አላት። ነግሯቸዋል። በየጾሙ ነግሯቸዋል።

ኑርሁሴን ቁጭ ብሎ ነገራቸው። በስልሳ አምስቱ ረሃብ ጊዜ አንዲት ክርስቲያን ሴት ሕፃን ታቅፋ ከደጋ ወረደች። እህል ፍለጋ የሚተመው ሰው ብዙ ነበር። ለይላ ደጃፍ ስትደርስ ወደቀች። ጡቷ ደርቋል፤ ልጁ የሚያለቅስበት ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ለይላ ያኔ ገና ልጅ ናቸው፤ ኑርሁሴንን የወለዱት በዚያው ሰሞን ነው። ለአንድ ልጅ የማይበቃ ወተት ነበራቸው። ለሁለት አካፈሉት። ሴትዮዋ አገግማ፣ ልጇ ድክ ድክ እስኪል አብራቸው ኖራ፣ በኋላ ወልድያ ገብታ ሥራ ያዘች። ግርማ ግን መሄጃ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ግራናን አልተወም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የግራና ገበያ ያለበትን መንገድ የመረጠውም ለዚሁ ነው።

«አንቺንም ያመጣሽ ነበር» አሉ ለይላ ወደ ሳራ ዞረው። «ትንሽ ሆነሽ ጭኔ ላይ ሸንተሻል። ማንጎ ብቻ ስትበዪ ውለሽ።»

ሳራ ማንጎውን አስታወሰች። ቤቱን፣ ጥላውን፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ የጠረጉላትን ሴት አስታወሰች። አባቷ በየመንገዱ ቡና ጠጡ፣ እሸት ብሉ የሚሉት ስንት ቤት ነበረው፤ ይህንንም ከእነዚያ እንደ አንዱ ነበር የቆጠረችው። እሱ ያልነገራት ነገር አልነበረም። እሷ ናት ስትስቅ የኖረችው።

የመጨረሻዎቹን ወራት ስትጠይቀው ኑርሁሴን ሳይከብደው ነገራት፤ እያወራ ራሱም ፈገግ ይል ነበር። መኪናውን መርሳ ላይ ታጣቂዎቹ ሲወስዱበት ግርማ ለወሰደው ልጅ፣ ሁለተኛው ማርሽ ያስቸግራል፣ በፍቅር ካልያዝከው አይገባልህም ብሎ መክሮ ሰጠው። ከዚያ በእግሩ ግራና መጣ። ቀን ቀን ሰው ፈርቶ ቤቱን ዘግቶ ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መብራት የሚባል በአካባቢው ስለሌለ ሰማዩ ገና በጊዜ ይሞላል፤ ግርማ ጎረቤቱን ማንጎው ሥር ሰብስቦ ያስተምራል። ፍኖተ ሐሊብ፣ የወተቱ መንገድ፣ ይኸውላችሁ፣ ቤታችን ነው ይላቸዋል። በየት በኩል ስንት ጋላክሲ እንደገባ ያስቆጥራቸዋል። ጥይት የተተኮሰ እንደሆነ ትንሽ ዝም ብሎ፣ የት ነበርኩ ይላል። ሁሉም አንድ ላይ፣ ስትውጠው ላይ ይሉታል።

መድኃኒቱን እንዳይሞቅ ከእንስራው ሥር አሸዋ ውስጥ ቀብረው አቆዩለት። ሲያልቅ ኑርሁሴን ፍለጋ ያልረገጠው ጤና ጣቢያ አልነበረም፤ ሁሉም ተዘርፎ ባዶ ነበር። ግርማ ከተኛ በኋላም ጎረቤቱ መምጣቱን አልተወም፤ ማንጎው ሥር መሰብሰቡ ቀርቶ አልጋው ዙሪያ ሆነ። ድምፁ ሲደክም እነሱ ያስተማራቸውን መልሰው ይነግሩታል፤ ሲሳሳቱ ጣቱን ያነሣል። የሞተውም የአልጋው ዳር ሰው እንደሞላው፣ ራሱ ለይላ ጭን ላይ ሆኖ ነው። ወጣት ክርስቲያኖቹ ሸሽተው ስለነበር፣ ካህኑ ሲፈቱት ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያደረሱት፣ መቃብሩንም የቆፈሩት የኑርሁሴን ቅሬ ሰዎች ናቸው።

«ሰኔ ላይ የሆነ ቀን» አለ ኑርሁሴን፣ «ከመርሳ እየሮጠ መጣና እማ፣ ልጄ በሳይንስ አረጋገጠችልኝ አላት። ምኑን ስንለው፣ ሰው ከማን ቤት እንደመጣ አይጠፋም አለችኝ፣ ቢሊዮን ዓመትም ቢሆን አለን። ልጄ ስትመረቅ እማን አዲስ አበባ ይዣት እሄዳለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ አስነሥቼ ይቺ ናት ቤቴ እላቸዋለሁ ብሎ ነበር።»

«የኔማ» ያላት ይህች ኖራለች። ሳራ አለቀሰች። ከመርዶው ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ግን ደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር አብሮ ሲለቅ ተሰማት። ብቻውን አልነበረም። አንድ ደቂቃም ብቻውን አልነበረም።

ጋሼ ብርሃኑ ሰው ያደረገውን ውለታ የሚክድ አይደለም፤ ያሰበውንም የሚተው አይደለም። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ካለ በኋላ፣ ሬሳውን ወደ ወልድያ፣ ከእህቱ ጎን ሊያመጣው እንደቆረጠ ነገራቸው። ከግራና ሰዎች መካከል ጉርምርምታ ተነሣ። ኑርሁሴን እናቱን አየ።

«መቃብሩን የቆፈርነው እኛ ነን» አለ ኑርሁሴን። «ይውጣ ካላችሁም የምናወጣው እኛው ነን። ተሸክመን እናመጣላችኋለን፤ ከቅሬው አንድ ሰው አይቀርም።»

«ከሚስቱ ጎን ይተኛ» አሉ ለይላ። «እኔ በሕይወቱ ጠግቤዋለሁ።»

ጋሼ ብርሃኑ ለክርክር ያዘጋጀውን ትቶ ወደ ሳራ ዞሮ፣ «የምትወስኚው አንቺ ነሽ» አላት።

ሳራ እናቷን አሰበች፤ ወዳታለች፣ ምሬቷንም ስትሰማ ኖራለች። «እዚያው ግራና ይሁን ጋሼ» አለች። «እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስታማርር የኖረችው ማንኮራፋቱን ነው። አሁን እንኳ ዐርፋ ትተኛ።»

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ትከሻው ነው። ያለቀሰ መስሏቸው ሰዎች ሊይዙት ሲነሡ ጋሼ ብርሃኑ እየሳቀ ነበር። እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ እንባው ሳቁን ቀድሞት ሄደ። «ውሸታሙ» አለ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ። ብሎም ከልማዱ የተነሣ ትንሽ ዝም አለ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አቤት» አሉ ለይላ በልጃቸው ፈንታ።

ጋሼ ብርሃኑ ተነሥቶ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ።

የዚያን ዕለት የግራና ሰዎች መሄድ ቢፈልጉ የሚለቃቸው አላገኙም። ጋሼ ብርሃኑ ራሱ የጭነት መኪናውን ቁልፍ ከሹፌሩ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። እንግዳ ማደሪያ ሲከፋፈል፣ አብዱልሐሊምም ስለ በጓ ሌሊት ሳስብ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ ብለው ከሐራ እንደገና መጥተው ስለነበር፣ ከኑርሁሴን ጋር ገጥመው ጋላክሲው መጀመሪያ የዋጠው ማንን እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር። ሁለቱም ምስክራቸው ግርማ ነው፤ ለሁለቱም የነገራቸው ለየቅል ነው።

ፀሐይ እንደጠለቀች ሳራ ለይላን እጃቸውን ለማስታጠብ ወደ ደጅ አወጣቻቸው። ወልድያ ገና መብራት አልገባላትም። ሰማዩ ከጣሪያዎቹ በላይ ከወዲሁ ተከፍቷል። ለይላ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ቆሙ።

«ለሁሉም አሳይቷቸዋል» አሉ። «እኔ ዐይኔ አልደረሰም። እስቲ አንዱን እንግዳ አሳዪኝ።»

ሳራ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመለከተች። ሦስቱ በተርታ የተሰለፉ ከዋክብት ከፍ ብለው ወጥተዋል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ከሌላ ጋላክሲ ጋር መጣ የሚባል አንድ ዘለላ አለ፤ ታውቀዋለች፣ በጥናቷ ውስጥ አለ። ልትዋሻቸው ግን አልሆነላትም።

«አንዱ እዚያ አለ እማ። ግን ያለ መሣሪያ አይታይም። እኔም አላየውም።»

«እንግዲያው እኩል ነን» አሉ ለይላ።

ሳራ ከኋላቸው ቆመች። ቀኝ እጃቸውን ያዘች፤ ጣቶቻቸውን አጥፋ አመልካች ጣታቸውን ብቻ አቃናች። እጃቸውን ከድንኳኑ ጫፍ በላይ አነሣችው፤ ሦስቱን ከዋክብት አስነክታ ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችውና አንድ ጨለማ ቦታ ላይ አቆመችው።

«እዚህ» አለች።

ለይላ ጣታቸውን ከዚያ አላነሡም። ክንዳቸው መዛል ሲጀምር ሳራ ከሥር ደገፈችው።